የዘጠና ቀን ጥበቃ

«ኢንሹራንሱን ልገባ ነው» አለች ሱንዶክ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ እንደ ቆመች።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ታላቅ እህቷ ማንሂ ከሥር የሚሞቀው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የገብስ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለቢሮ የምትለብሰውን እያሰበች ነበር። ባሏ አውቶቡሱን ሊያስነሳ ጎህ ሳይቀድ ወጥቷል። ሱንዶክ በዚህ ሰዓት፣ ያውም ዓርብ ቀን፣ ሥራዋን ትታ ያን ሁሉ አቀበት ወጥታ መምጣቷ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። ከቡሳን ወደብ አጠገብ ባለው ገበያ ውስጥ ስምንት በርጩማ ያላት የኑድል ቤት አላት፤ አሁን ሊጥ እያሸች መሆን ነበረባት። ከመምጣቷም ይልቅ እንግዳ የሆነው ቃሏ ነው። ማንሂ የመድን ወኪል ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በነዚህ ዓመታት ጎረቤቶቿን፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ የባሏን ባልደረቦች፣ የጥርስ ሐኪሟን ሳይቀር የካንሰር ኢንሹራንስ አስገብታለች። አልበገር ያለቻት የገዛ እህቷ ብቻ ናት። በየበዓሉ፣ በየልደቱ፣ የጎመን ኪምቺ ለክረምት በሚሰናዳበት ቀን እንኳ ወረቀቱን አውጥታ ለምናታለች። የሱንዶክ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እኔ የምታመምበት ጊዜ የለኝም፤ ጊዜ ለተረፋቸው ሽጪ።»

ማንሂ ደስ አላት። መካድ አይቻልም፤ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ቀኑ የኅዳር ወር የመጨረሻው ቀን ነበር፤ የወር ድርሻዋን ለመሙላት አንድ ውል ብቻ ጎድሏት በሐሳብ ስትገላበጥ ነው ያደረችው። «ግቢ እንጂ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርዱ ገባ» አለችና ቦርሳዋን ስባ ቅጹን አወጣች። ሱንዶክ ጫማዋን በሩ ላይ ትታ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ከትንሿ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ዱቄት አልነበረም። ማንሂ ይህን ያስተዋለችው በኋላ ነው፤ እህቷን በሥራ ቀን ያለ ዱቄት አይታት አታውቅም።

ቅጹ ላይ ጥያቄዎች አሉ፤ ማንሂ በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ ልክ እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳታይ ነው የምትወርድባቸው። «ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ሐኪም መርምሮሽ በሽታ አለብሽ ወይም ይጠረጠራል ብሎሽ ያውቃል?» አለች።

«ሐኪም አላየኝም።»

«ባለፈው ዓመት ውስጥ ተጨማሪ ምርመራ ታዞልሽ ያውቃል?»

«አላየኝም አልኩሽ እኮ። እትዬ፣ ጥያቄውን ተይውና የቱ ጋ እንደምፈርም አሳዪኝ።»

ማንሂ ጣቷን የሚፈረምበት ቦታ ላይ አደረገች። ሱንዶክ እስክሪብቶውን አነሳች፤ ወረቀቱን ግን ወደ ራሷ ሳበችው። ቀኝ ክንዷ ከጎድኗ ጋር እንደ ተሰፋ ሁሉ ሳይላቀቅ፣ ከእጅ አንጓዋ ብቻ እየጻፈች ስሟን አኖረች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «የሚሠራው ከዘጠና ቀን በኋላ ነው አይደል?» አለች። «ዘጠናው ቀን የሚቆጠረው ከዛሬ ነው ከነገ?»

«የመጀመሪያው ክፍያ ዛሬ ከወጣ፣ ከዛሬ።»

«እንግዲያው ዛሬ ይውጣ።»

ማንሂ ሻይዋን ልትጠጣ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጤነኛ ሰው ይህን ጠይቋት አያውቅም። ጤነኛ ሰው የሚጠይቀው በወር ስንት እንደሆነ ነው፤ ካልታመምኩ ገንዘቤ ይመለሳል ወይ ብሎ ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ባሉት ዘጠና ቀናት ውስጥ ካንሰር ከተገኘ ድርጅቱ አንዲት ዎን አይከፍልም፤ ውሉም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነው፤ ማንም አያነበውም። ቀኑን የሚቆጥር ሰው የሚቆጥርበት ምክንያት አለው። ማንሂ ቀና ብላ የእህቷን ፊት አየች፤ ሱንዶክም አየቻት። «ምን ሆነሻል?» ማለት ሁለት ቃል ነው። ማንሂ ግን፣ «ቁርስ በልተሻል?» አለች።

«በልቻለሁ» አለች ሱንዶክ፤ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። አለመብላቷን ሁለቱም ያውቃሉ።

ቢሮው ውስጥ እንደ ወትሮው የጠዋቱ ስብሰባ ነበር። ግድግዳው ላይ የወኪሎቹ ስም በረድፍ ተጽፏል፤ ከየስሙ ጎን የወሩን ውል የሚያሳዩ ቀያይ ክቦች ተለጥፈዋል። የቅርንጫፉ ኃላፊ ባንግ የሚባል ሠላሳ አራት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው፤ ወኪሎቹ ግን አብዛኛዎቹ እናቱ የሚሆኑ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ሲቆጣ እንኳ በአክብሮት ነው የሚቆጣው፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ሃያ ሁለቱ ሴቶች ቆመው የድርጅቱን መፈክር በአንድ ድምፅ አሰሙ፤ አጨበጨቡ፤ ተቀመጡ። ባንግ ወደ ማንሂ ጠረጴዛ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ወይዘሮ ማንሂ፣ ቅርንጫፋችን አንድ ውል ከጨመረ ከአውራጃው ሁለተኛ ነን። አንድ ብቻ። እርስዎን ነው የማየው።»

«አለኝ» አለች ማንሂ። ከአፏ አምልጦ ነው።

«አላልኳችሁም?» አለ ባንግ ወደ ሌሎቹ ዞሮ፤ ሴቶቹም አጨበጨቡላት።

ኮምፒውተሯን ከፍታ የእህቷን ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ አስገባች። ካንሰር ቢገኝ የሚከፈለው ሠላሳ ሚሊዮን ዎን፤ ወርኃዊው አርባ አንድ ሺህ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ «የለም፣ የለም፣ የለም» እያለች ወረደች፤ ሁሉም እውነት ነው፤ ሐኪም አላያትም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ደንበኛውን ሳይሆን ወኪሉን የሚጠይቅ አንድ መስመር አለ፤ ስለ ደንበኛው ጤንነት የሚያውቁት ወይም የሚጠረጥሩት ነገር ካለ ይግለጹ ይላል። ይህችን መስመር ስንት መቶ ጊዜ ሳታያት አልፋታለች። አሁን እጇ አልታዘዝ አላት። ከኋላዋ አንዷ ወኪል በስልክ፣ «እሜቴ፣ ካንሰር እኮ ሰውዬውን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ ቤቱን ነው የሚበላው» ስትል ተሰማት። ይህን አባባል ለአዳዲሶቹ ያስተማረቻቸው ማንሂ ራሷ ናት። ኮምፒውተሩን ዘጋችው። «አንድ ፊርማ ጎድሎኛል፤ አስፈርሜ እመጣለሁ» አለች ለባንግ።

«እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልገባ ለሚቀጥለው ወር ነው የሚቆጠረው። አደራዎን፣ ወይዘሮ ማንሂ።»

ገበያው የደረሰችው በምሳ ግፊያ ላይ ነበር። ስምንቱም በርጩማ ተይዟል፤ ከኋላ የሚጠብቁ ቆመዋል። የደረቀው ዓሣ መረቅ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል። ማንሂ አፏን ሳትከፍት ሱንዶክ ጎድጓዳ ሳህን አቀበለቻት፤ «ለዚያ ሰውዬ፤ ኪምቺም ጨምሪለት» አለች። ማንሂ የቢሮ ጃኬቷን አውልቃ ምሰሶው ላይ ሰቀለችና ማደል ጀመረች። በዚያ ግርግር ውስጥ ዓይኗ ከእህቷ እጅ ላይ አልተነሳም። ሱንዶክ ሊጡን በግራ እጇ ብቻ እየዳመጠች ነው። ድሮ በሁለት እጇ ዱላውን ይዛ፣ በመላ ክብደቷ ተጭና፣ በሦስት ግፊት ነበር ሊጡን እንደ ወረቀት የምታሳሳው። አሁን ስምንት ጊዜ ትገፋለች፤ በየግፊቱም ከንፈሯን ትነክሳለች።

«አክስቴ፣ ዛሬ ኑድሉ ወፈር ብሏል ልበል?» አለ አንድ የወደብ ሠራተኛ ከሳህኑ ቀና ብሎ።

«ዋጋው ስላልወፈረ አመስግን» አለችው ሱንዶክ። በርጩማው ሁሉ ሳቀ። አምስት ሺህ ዎን ነው የምትሸጠው፤ ከአራት ዓመት ወዲህ አልጨመረችም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ጭር አለ። ሱንዶክ መጋረጃውን እስከ ግማሽ አወረደችና ከማሰሮው ጀርባ ካለው የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ማንሂ ፊት ለፊቷ ቆመች። ከጎን ያለው ዓሣ ሻጭ ሬድዮ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። መጨረሻ ላይ ሱንዶክ የእህቷን እጅ ያዘችና በሹራቧ ሥር አስገብታ፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ ከጡቷ ዳር አስቀመጠችው። ማንሂ ጣቶቿ ሥር ለውዝ የምታክል ጠጣር ነገር አገኘች፤ ስትነካት የማትሸሽ፣ ከሥጋው ጋር የተያያዘች። እጇን ቶሎ ለመንጠቅ ፈለገች፤ ግን አላደረገችውም፤ ቀስ ብላ ነው ያወጣችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመከር በዓሉ ጀምሮ።»

«ሁለት ወር!»

«ሁለት ወር ከጠበቅሁ ሦስት ወር ለመጨመር ምን አለበት? የካቲት መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ። አገኙብኝ እላለሁ። እደነግጣለሁ። አለቅሳለሁ። ሠላሳ ሚሊዮን።»

«በመጀመሪያው ዓመት ከተገኘ የሚከፈለው ግማሹ ነው። አሥራ አምስት» አለች ማንሂ።

ሱንዶክ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው ስልሳ አድርጊው።»

ማንሂ ሳትወድ ሳቀች፤ ሱንዶክም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ቶሎ ነው የሞተው። ማንሂ ተንበርክካ የእህቷን ጉልበት ያዘች። በአሥራ አንድ ዓመት ለአንድም ደንበኛ ያልነገረችውን ነገር ነገረቻት። ካንሰር ነው ከተባለ መንግሥት አብዛኛውን እንደሚሸፍን፣ ለሕክምናው ከታማሚው ኪስ የሚወጣው ከመቶ አምስቱ ብቻ መሆኑን፣ በዚያ የተነሳ ቤቱን የሸጠ ሰው እሷ ራሷ እንደማታውቅ ነገረቻት። ሱንዶክ ከከረጢቱ ላይ ቀና አለች።

«አምስት?»

«አምስት።»

«በየበዓሉ እዚህ እየመጣሽ ቤት ያሸጣል ስትይኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? ያቺ ማስታወቂያ ወረቀትሽ ላይ የተሳለችው፣ ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ላይ የቆመችው ሴትዮ? የቱ ነው ውሸቱ? ያኔ ያልሽኝ ነው ወይስ ያሁኑ?»

ማንሂ የእህቷን ጉልበት ለቀቀች።

«እሺ፣ ሕክምናውን መንግሥት ይክፈለው» አለች ሱንዶክ። «ኑድሉን ማን ይቆርጥልኛል? መንግሥት ይቆርጥልኛል? እዚህ ቤት አንድ ሳምንት ከተዘጋ ደንበኛው ወደዚያኛው መስመር ይሄዳል። አንድ ዓመት ከተዘጋ ቤቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ሶዳም ሴኡል ውስጥ የምትተኛባትን የአይጥ ጉድጓድ ኪራይ የምከፍለው በዚህች እጄ ነው። አንድ ዓመት ቀርቷታል። አንድ ዓመት ብቻ፣ እትዬ።» ሶዳም ሴኡል ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንድ ልጇ ናት፤ አባቷ ትቷቸው ከሄደ በኋላ ሱንዶክ ለብቻዋ ነው ያሳደገቻት።

«እኔ እቆርጥልሻለሁ።»

«አንቺ? ሊጥ በእጅሽ ነክተሽ ታውቂያለሽ?»

ማንሂ ተነስታ መጋረጃውን እስከ ታች አወረደችው። ቀጥሎ የተናገረችውን ከዚያ በፊት ለባሏም ተናግራው አታውቅም። ከአራት ዓመት በፊት በሰፈሯ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። እሷም እንደዚሁ አንድ ቀን በጠዋት መጥታ ልግባ አለች፤ እሷም ዘጠናው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ጠየቀች። «ገባኝ» አለች ማንሂ። «ልክ እንደ ዛሬው ገባኝ። ዝም አልኩ። ወሩ ሊያልቅ ነበር። ዘጠናው ቀን አልፎ በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄደች። የድርጅቱ ሰዎች መጥተው ጎረቤቷን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ሁሉን ጠየቁ፤ ምንም አላገኙም፤ ከፈሉ። ያ ክረምት አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ ሞተች። ለቀብሯ አበባ ላክሁ፤ በድርጅቱ ስም። ቀደም ብላ ሄዳ ቢሆን ትድን ነበር አልልሽም፤ አላውቅም። ግን ዘጠናውን ቀን ከኔ ጋር ነው የቆጠረችው።»

ሱንዶክ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ ፍቃ አራገፈች። «ገንዘቡ ለልጆቿ ደረሰ?» አለች።

«ደረሰ።»

«እንግዲያው ጥሩ አድርገሻል።»

ማንሂ ይህን አልጠበቀችም። በሽታውን ትፈራለች፣ ታለቅሳለች፣ እሺ ትላለች ብላ ነበር ያን ሁሉ ከሆዷ ጎትታ ያወጣችው። ሱንዶክ ግን ነገሩ ሁሉ ተጣርቶ የተነገራት ያህል ፊቷ ረጋ አለ። ተነስታ ለማታው ሊጥ ዱቄት ትሰፍር ጀመር። ማንሂ ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። «አላስገባውም» አለች። «አታስገቢው» አለች ሱንዶክ ዞር ሳትል፤ «እዚሁ ገበያ ውስጥ ሦስት ወኪሎች አሉ። አንዷ ከዚያ ዓሣ ቤት ጀርባ ናት። አሁን ብጠራት አሁን ትመጣለች።»

«እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት!» ሱንዶክ ዞረች፤ የዱቄቱ መስፈሪያ በእጇ እንዳለ ነው። «ለዚያች ልብስ ሰፊ ዝም ያልሽ ሰው፣ ለኔ ሲሆን ነው ጽድቅ የታየሽ? ለሌላ ሰው ልጆች የሚደርስ ገንዘብ ለኔ ልጅ ሲሆን ነው ኃጢአት የሚሆነው? አሥራ አንድ ዓመት ግቢ ግቢ ስትዪኝ ኖረሽ፣ ዛሬ ልግባ ስልሽ በር ትዘጊብኛለሽ?»

ይህ እንደ ጥፊ ነው ያረፈው። ማንሂ ዞራ የሳህኖቹን ክምር ማጠብ ጀመረች። ሃያ ያህል ሳህን አጠበች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሱንዶክ በግራ እጇ ታሻለች። የባንግ መልእክት ስልኳ ላይ መጣ፤ ፈገግ ያለ ፊት ያለበት። ማንሂ እጇን በልብሷ አደረቀችና ስልኩን አነሳች፤ ግን ለባንግ አልመለሰችም።

«ማን ጋ ነው የምትደውዪው?» አለች ሱንዶክ።

«ሶዳም ጋ።»

«ምን ልትያት?»

«ምንም አልላትም። እጠይቃታለሁ። እናትሽን ትመርጫለሽ አሥራ አምስቱን ሚሊዮን? እላታለሁ። እሷ ገንዘቡን ካለች አሁኑኑ ሄጄ አስገባዋለሁ።»

«እትዬ!»

ስልኩ መጥራት ጀመረ። ማንሂ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው። አንዴ ጠራ፤ ሁለቴ ጠራ። ሱንዶክ ሊጧን ጥላ ዘለለች፤ ቀኝ እጇን ዘርግታ ልትነጥቃት ስትል ሕመሙ ክንዷን አጥፎ ያዛትና «እህ!» ብላ የምድጃውን ጠርዝ ተደገፈች። በዚያው ቅጽበት የሶዳም ድምፅ መጣ፤ «አቤት አክስቴ! ምነው በዚህ ሰዓት?» አለች፣ እየሳቀች፤ ከበስተኋላዋ የብዙ ወጣቶች ጫጫታ ይሰማል። ሁለቱ እህቶች ተያዩ። የሱንዶክ ዓይን እንዲህ ሲለምን ማንሂ በዕድሜዋ አላየችም። «አክስቴ? ይሰማል?»

ሱንዶክ የታጠቀችውን ሽርጥ ከወገቧ ፈታችው። ፈታችና የሊጡ ሰሌዳ ላይ ጣለችው።

«ምንም አይደለም የኔ ልጅ» አለች ማንሂ። «ሳላስበው ነክቼው ነው። ምሳ በልተሻል?»

ከገበያው ሁለት መስመር አልፎ ያለው ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ አልተነጋገሩም። ሱንዶክ ሦስት እርምጃ ቀድማ ነው የሄደችው፤ አሳንሰሩ ውስጥም ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ በሙሉ ሴቶች ነበሩ፤ ግድግዳው ሮዝ ቀለም ተቀብቷል፤ የሚጠጣ ሙቅ ውሃና የወረቀት ኩባያ በየጥጉ አለ። የማንሂ ስልክ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጮኸ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ ጮኸ። ሱንዶክ ከጎኗ ሆና የሚነዝረውን ስልክ ታየዋለች። «አንሺው» አለች በመጨረሻ። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው አይደል? አሁንም ብንወጣ እንደርሳለን።» ማንሂ ስልኩን አነሳች። «ባንግ፣ ደንበኛዋ ሐሳቧን ቀይራለች» አለች፤ መልሱን ሳትሰማ ዘጋችው። ሱንዶክ ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። ቀዝቃዛውን ቅባት ቀብታ መሣሪያውን እያንሸራተተች፣ «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እናቴ?» አለች።

«ትናንት ነው ያየሁት» አለች ሱንዶክ።

«ሁለት ወር ሆኖታል» አለች ማንሂ ከመጋረጃው ወዲህ።

ሐኪሟ ሁለቱንም አላየችም፤ ማያውን ነበር የምታየው። እዚያ ላይ ግራጫ ደመና ውስጥ አንዲት ጠርዟ የተቦጫጨቀ ጥቁር ነጥብ ነበረች። መሣሪያው እሷ ላይ ቆመ፤ አለፈ፤ ተመልሶ ቆመ። ሐኪሟ ልኳን ወሰደች። «ዛሬውኑ በመርፌ ናሙና ብንወስድ ይሻላል» አለች ድምጿን ሳትቀይር። «ጥሩ ጊዜ ነው የመጡት ማለት አልችልም፤ ግን መጥተዋል።» ማንሂ የእህቷን እግር ከአንሶላው ሥር አየች፤ የእግሯ ጣቶች ተኮማትረው ነበር። ልትይዘው እጇን ሰደደች፤ ሱንዶክ እግሯን ሰበሰበች።

በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነበር። ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ በትልቁ ሆስፒታል ቀደዷት፤ ዕጢዋን ከነዙሪያዋ አወጧት፤ ብብቷ ውስጥ ካሉት ንፍፊቶች አንዱ ተነክቶ ተገኘ፤ አንድ ብቻ። መድኃኒት ይከተላል፤ ጨረር ይከተላል፤ ሐኪሙ ግን ተስፋ አለው፤ ይህን ሁለቴ ነው የተናገረው። ማንሂ ኮሪደሩ ላይ ተከትላው ሄዳ፣ እስከ የካቲት ድረስ ብትቆይ ኖሮስ ብላ ጠየቀችው። ሰውዬው ቆመና አሰበ። «ሊብስ ይችል ነበር፤ ላይብስም ይችል ነበር» አላት። «ይህን ማንም ሊነግርዎ አይችልም።» ማንሂ አመስግናው ስትመለስ ካገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰው «ባትመጣ ትሞት ነበር» እንዲላት እንዴት አድርጋ ፈልጋ እንደነበር የገባት ያኔ ነው። አሥራ አምስት ሚሊዮኑ ተረጋግጦ ጠፍቷል፤ በምትኩ ምን እንደተገኘ ግን የሚያረጋግጥ የለም።

ከቢሮው ከወሩ መጀመሪያ አንስታ ቀርታለች። በየጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገበያው ወርዳ ሊጥ ታሻለች። ኑድሏ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ነው፤ የወደብ ሠራተኞቹ «አክስቴ፣ ይሄ ኑድል ነው ገመድ?» እያሉ ያሾፉባታል፤ ይሁን እንጂ ይበላሉ። ሶዳም ለፈተናዋ የቀሩትን ቀናት ትታ መጥታ፣ የእናቷ አልጋ ሥር ሁለት ሌሊት አድራ፣ በእናቷ ትእዛዝ ተባርራ ተመለሰች። ሱንዶክ ለእህቷ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ደግ ቃልም አልተናገረችም። ሊጡ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ፣ መረቁ መቼ እንደሚወጣ፣ ዓሣ ሻጩ ሲያጭበረብር እንዴት እንደሚያዝ ትነግራታለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

ከቀዶ ጥገናው በአምስተኛው ቀን ማንሂ ገበያውን ዘግታ ስትመጣ ክፍሉ ውስጥ ወሬ ደርቷል። አራት አልጋ ነው፤ አራቱም በአንድ በሽታ የተኙ ሴቶች ናቸው። ከሱንዶክ ጎን ያለችው ወፍራም ሴትዮ የኢንሹራንስ ገንዘቧ ዛሬ ባንክ ገብቶላት ለክፍሉ ሁሉ ብርቱካን አድላለች፤ በር ዳር ያለችው ሁለት ውል እንዳላት፣ ከአንዱ ሃያ ከሌላው አርባ እንደደረሳት ትናገራለች። «አንቺስ፣ የኑድሏ ሴትዮ?» አለች ወፍራሟ ብርቱካኗን እየላጠች። «ስንት ደረሰሽ?»

ማንሂ በሩ ላይ እንደ ቆመች ቀረች።

«እኔማ ምንም የለኝም» አለች ሱንዶክ። «እህቴ ብቻ ናት ያለችኝ። እሷ ደግሞ የኢንሹራንስ ወኪል ነበረች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። በር ዳር ያለችው ስፌቷን በእጇ ይዛ «እባክሽ ተይኝ፣ ሊቀደድ ነው» እያለች ሳቀች፤ ሱንዶክም እየሳቀች ፊቷ ቀላ። ማንሂም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ ሲሞላ አንድ ነገር የረሳች መስላ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። አምስት እርምጃ ሳትሄድ የእህቷ ድምፅ ጠራት።

«እትዬ! ወዴት ነው? ፀጉሬ እያሳከከኝ ነው። እጄ አይነሳልኝም።»

የማጠቢያው ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ የፀጉር ቤት ዓይነት ወደ ኋላ የሚያዘነብል ወንበር አለው። ማንሂ ፎጣ በአንገቷ ዙሪያ አድርጋ አስተኛቻት፤ ውሃውን በመዳፏ ለካችና ግንባሯን ከልላ ማፍሰስ ጀመረች። የሱንዶክ ፀጉር አብዛኛው ሸብቷል፤ መድኃኒቱ ሲጀመር ይረግፋል ተብሏል። ማንሂ በጣቶቿ ሥሩን እያሸች አረፋ አደረገችው፤ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከማጅራቷ ሥር፣ ልጆች ሳሉ ወንዝ ዳር ታጥባት እንደነበረው ሳይሆን፣ የታመመ ሰው እንደሚታጠበው፣ በጥንቃቄ። ሱንዶክ ዓይኗን ጨፍናለች። ከዓይኗ ጥግ የወረደው ውሃ ከቧንቧው ይሁን ከሌላ አይታወቅም።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አውቃለሁ።»

«ደግሞም የምልሽ እንዳይመስልሽ።»

«እሺ።»

ሱንዶክ አንገቷን በእህቷ መዳፍ ላይ ሙሉ በሙሉ ጣለችው። «ውሃው ቀዝቅዟል» አለች። «ትንሽ ሞቅ አድርጊው።»

ማንሂ ሞቅ አደረገችው።